ድንጋይ ወይስ ኮረንቲ? የአንድ የጎንደር ቤት ስቱዲዮ ጉዳይ

ክፍሉ ማራኪ አካባቢ፣ ሦስት ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ነው። ሦስት ሜትር በአራት ይሆናል፤ ግድግዳው ጭቃ፣ በሩ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ተሰቅሎበታል። የስቱዲዮው ባለቤት ማሲንቆም ክራርም ይጫወታል፤ ላፕቶፑን የሚይዘው የእህቱ ልጅ ነው። ከጥምቀት ማግስት ለሚጀምረው የሠርግ ወቅት ስምንት ዜማ ቀርጸው ማድረስ ነበረባቸው። ሥራው የሌሊት ሥራ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት የባጃጅና የጎረቤት ቴሌቪዥን ድምፅ አለ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ደግሞ ጎንደር የአርባ አራት ታቦት አገር ናትና የድምፅ ማጉያው ይጀምራል። ጸጥታው አምስት ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ በኃይል ችግር የሚባክን አንድ ሰዓት የሌሊቱ አንድ አምስተኛ ነው ማለት ነው።

ዕቃዎቹ ብዙ አይደሉም። ማሲንቆውና የዘፋኙ ድምፅ በኮንደንሰር ማይክ (ለመሥራት ኃይል በሚፈልግ ስስ ማይክ) አማካይነት ሁለት ኤኤ ድንጋይ በሚወስድ የእጅ መቅረጫ ላይ አንድ ላይ ይቀረጻሉ። ክራሩ በኋላ ይደረባል፦ ከድምፅ ሳጥኑ ላይ ከተለጠፈ ፒክአፕ (ንዝረት መያዣ) ተነስቶ በ9 ቮልት ድንጋይ ወደሚሠራ ትንሽ ፕሪአምፕ (ቅድመ ማጉያ)፣ ከዚያ ማስተጋባት ወደሚጨምር ሪቨርብ ፔዳል፣ ከዚያ ድምፁን ለኮምፒውተር ወደሚቀይር ባለ ሁለት ቀዳዳ ኢንተርፌስ፣ ከዚያ በዩኤስቢ ወደ ላፕቶፑ ይሄዳል። በተጨማሪ አንድ አነስተኛ የሄድፎን ማጉያና ሁለት ማዳመጫ ስፒከሮች አሉ።

በመጀመሪያ ሁሉም በኮረንቲ ይሠራ ነበር። ቅጂው ሁሉ ከጀርባው ዝዝ ይላል። አንድ ሌሊት ደግሞ መብራት ሲጠፋ 18 ደቂቃ የማሲንቆ ቀረጻ አብሮ ጠፋ። “ኮረንቲው ነው የሚያበላሽባችሁ፣ ሁሉንም በድንጋይ አድርጉት” ተባሉ፤ አደረጉት። ዝዝታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ መቅረጫው ብቻ በአንድ ሌሊት 12 ድንጋይ ጨረሰ፣ ፔዳሉ በየሌሊቱ አዲስ ባለ 9 ቮልት ጠየቀ። ጉዳዩ ወደዚህ ምርመራ የመጣው በዚህ ደረጃ ላይ ሳለ ነው። ጥያቄው “ድንጋይ ይሻላል ወይስ አዳፕተር” የሚል ነበር። ለክፍሉ በሙሉ አንድ መልስ እንዲሰጠው መጠየቁ ራሱ ነበር ያሳሳታቸው።

ዝዝታው ከየት ነው

ምንም ከመግዛት በፊት ዝምታ ይቀረጻል። ሁሉም ዕቃ ይከፈታል፣ የማጉያው ቁልፍ ሲቀርጹ በሚቆምበት ቦታ ይቆማል፣ ማንም ሳይጫወት 30 ሴኮንድ ይቀረጻል። ከዚያ አንድ ዕቃ ብቻ ከኮረንቲ ይነቀልና እንደገና 30 ሴኮንድ። ከዚያ ሌላው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከተቀየረ ፈተናው ዋጋ የለውም፤ ችኩል ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የክራሩ መስመር ሁሉም ኮረንቲ ላይ ሳለ ከጣሪያው፣ ማለትም ሊቀረጽ ከሚችለው ከፍተኛ ድምፅ፣ በታች 46 ዲሲቤል ላይ የሚቆም ጫጫታ ነበረው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ጫጫታው ያንሳል። ይህ ብዙ ነው፤ በዝግታ የሚደረደር ክራር መካከል በግልጽ ይሰማል። የላፕቶፑ ቻርጀር ሲነቀል ወደ 58 ወረደ። የፔዳሉ አዳፕተር ተነቅሎ ፔዳሉ በድንጋይ ሲሠራ 69 ደረሰ። ሁለት ምንጭ አለ ማለት ነው፤ “ሁሉንም በድንጋይ” ካሉ በኋላም ዝዝታው የቀረው ላፕቶፑ ቻርጀሩ ላይ እንደተሰካ ስለቆየ ነው። ላፕቶፕን እንደ ቀረጻ ዕቃ የሚቆጥረው ሰው ጥቂት ነው።

ሁለቱን ምንጮች ጆሮም ይለያቸዋል፣ ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ግን ያረጋግጣል። የዝምታው ቅጂ ይመረጥና በአናላይዝ ዝርዝር ውስጥ ያለው ፕሎት ስፔክትረም ይከፈታል። የአገራችን ኮረንቲ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ጉልህ ሆኖ የሚታየው ጫፍ 50 ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ገመዱ ከትራንስፎርመር አጠገብ አልፏል ወይም መሬት የያዙ ሁለት ዕቃዎች ቀለበት ሠርተዋል። 100 ላይ ከሆነ አዳፕተሩ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ደካማ ነው፤ ተለዋዋጩን ኮረንት ወደ ቀጥተኛ የሚለውጡት ዳዮዶች 50ውን እጥፍ አድርገው 100 ያደርጉታልና። ከ50 ጀምሮ እስከ ብዙ ሺህ ኸርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ጫፎች ከታዩ ደግሞ መሬት ያላገኘ የላፕቶፕ ቻርጀር ይጠረጠራል። እዚህ ክፍል ውስጥ ማበጠሪያውም ነበር፣ የ100ውም ጫፍ ነበር።

የ100ው ባለቤት ወዲያው ታወቀ። ፔዳሉ የተሰካው ጎኑ ላይ 3፣ 4.5፣ 6፣ 7.5፣ 9 እና 12 የሚል መምረጫ ባለው፣ ጫፉ እየተገለበጠ በሚገባ፣ በየሱቁ በሚሸጠው ሁለገብ አዳፕተር ላይ ነው። መምረጫው 9 ላይ ቆሞ ምንም ሳይሰካበት በቴስተር ሲለካ 13.4 ቮልት አሳየ። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ይህ ዓይነቱ አዳፕተር ትራንስፎርመር፣ ዳዮድና አንድ ካፓሲተር ብቻ ነው፣ ቮልቱን የሚቆጣጠር ክፍል የለውም። የተጻፈው 9 ቮልት የሚገኘው ሙሉ ጭነት ሲኖረው ነው። 120 ሚሊአምፔር ብቻ ለሚስብ ፔዳል ቮልቱ ከፍ ብሎ ይቀራል፣ በላዩም 100 ኸርዙ ይጋልባል። ከዚህ የባሰው አደጋ ጫፉ ነው። አብዛኞቹ የጊታር ፔዳሎች መሐሉ ኔጌቲቭ፣ ውጪው ፖዘቲቭ ይፈልጋሉ፤ ሌላው ኤሌክትሮኒክስ ባመዛኙ ተቃራኒው ነው። ጫፉ ተገልብጦ ከገባ መከላከያ ዳዮድ የሌለው ፔዳል በአንድ ጊዜ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ከመሰካት በፊት የቴስተሩ ቀይ ዘንግ ወደ ጫፉ ቀዳዳ ውስጥ፣ ጥቁሩ ውጪው ብረት ላይ ይደረጋል። ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ከታየ መሐሉ ኔጌቲቭ ነው።

መቅረጫው ላይ ደግሞ ለየት ያለ ድምፅ ነበር፦ ቀጭን፣ እንደ ትንኝ ሲር የሚል። የራሱ አዳፕተር ከጠፋ ቆይቷልና በስልክ ቻርጀር ነበር የሚሠራው። 5 ቮልት 5 ቮልት ነው፣ መቅረጫው ይነሳል፤ ነገር ግን ርካሹ ቻርጀር ጭነቱ አነስተኛ ሲሆን በጥድፊያ እየበራ እየጠፋ ይሠራል፣ ያ ምት ጆሮ በሚሰማው ክልል ውስጥ ይወድቃል። ሌላ የተሻለ የስልክ ቻርጀር ሲሰካ ድምፁ ጠፋ። በተመሳሳይ ቮልትና አምፔር ሁለት ቻርጀሮች ይህን ያህል ይለያያሉ፤ ከውጭ ግን ብዙ ጊዜ የሚለያቸው ክብደታቸው ነው፣ ማጣሪያ የተነፈገው ቀለል ይላል።

ሦስተኛው ቀዳዳ

የላፕቶፑ ጉዳይ ከአዳፕተር ጥራት ጋር አይያያዝም። ቻርጀሩ ባለ ሦስት እግር ነው፤ ሦስተኛው እግር ለመሬት መስመር ነው። ውስጡ ከሁለቱም የኮረንቲ ሽቦዎች ወደዚያ ሦስተኛ እግር የሚያያይዙ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ ሥራቸው ጫጫታን ወደ መሬት ማፍሰስ ነው። መሬቱ ከሌለ ሁለቱ ካፓሲተሮች ኮረንቲውን እኩል ይካፈሉትና የላፕቶፑ ብረት የ220 ግማሽ፣ ወደ 110 ቮልት ገደማ ይዞ ይንሳፈፋል። መጠኑ ከግማሽ ሚሊአምፔር በታች ስለሆነ አይገድልም፤ እጅ ሲነካው ግን ውርር ያደርጋል። ያ ውርርታ በዩኤስቢው ገመድ መሸፈኛ ወደ ኢንተርፌሱ፣ ከዚያ ወደ ክራሩ ገመድ ይሄዳል። አጫዋቹ የጃኩን ብረት በጣቱ ሲነካ ዝዝታው ከተለወጠ ምክንያቱ ይህ ነው። እዚህም ተለወጠ።

ባለ ሦስት እግሩ ስፒና በሁለት እግር ማከፋፈያ ላይ ነበር የተሰካው። ልጁ ማከፋፈያውን በባለ ሦስት ቀይሮ ግድግዳው ላይ ሰካው፤ ምንም አልተለወጠም። የተጠራው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሶኬቱን ፈቶ አሳየው።

“ልጄ፣ ሦስተኛው ቀዳዳ እኮ ጌጥ ነው። ከኋላው ሽቦ የለም።”

“ታዲያ ጋሼ፣ ከዚህ ከኒውትራሉ አገናኝተው ቢያስሩልንስ?”

“ቤትህን ልትገድልበት ነው?”

ይህን መልስ በደንብ መረዳት ያስፈልጋል፤ ሶኬት ውስጥ የመሬቱን እግር ከኒውትራል (ከኮረንቲው መመለሻ ሽቦ) ጋር በአጭር ሽቦ የሚያስሩ አሉና። ዝዝታው በእርግጥ ይጠፋል። ነገር ግን ከምሰሶው ወይም ከቆጣሪው ላይ የኒውትራሉ ሽቦ አንድ ቀን ቢላቀቅ የላፕቶፑ፣ የማቀዝቀዣው፣ የምጣዱ ብረት ሁሉ 220 ይይዛል። የቤቱ ዕቃ ሁሉ በአንድ ልቅ ብሎን ላይ ይንጠለጠላል።

ትክክለኛው ሥራ የመሬት ዘንግ አስቀብሮ ራሱን የቻለ አረንጓዴ-ቢጫ ሽቦ ወደ ሶኬቶቹ መሳብ ነው። ይህም ግን ብቻውን አይበቃም። ዘንጉ ከአፈሩ ጋር ያለው ንክኪ ለምሳሌ 50 ኦም ቢሆን፣ 220 ቮልት በዚያ በኩል የሚያፈስሰው 4.4 አምፔር ብቻ ነው፤ የ16 አምፔር ብሬከር ይህን አያየውም፣ የተበላሸው ዕቃም ኮረንቲ እንደያዘ ይቆያል። ስለዚህ ከዘንጉ ጋር በ30 ሚሊአምፔር መፍሰስ የሚቆርጥ ብሬከር አብሮ መግባት አለበት። በዚህ ቤት አከራይዋ ፈቅደው ለክፍሉ መስመር ተሠርቷል። ከዚያ በኋላ ቻርጀሩ እንደተሰካ የተቀረጸው ዝምታ 67 ዲሲቤል ላይ ቆመ፤ ተነቅሎ ከሚገኘው 69 ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ የሚያስጨንቅ አይደለም። አከራይ ባይፈቅድስ? ያኔ መፍትሔው ቻርጀሩን በቀረጻ ሰዓት መንቀል ነው፤ ነፃ ነው፣ ደግሞም ይሠራል። ልማድ የሆነው ሰው ምንም ሳይከፍል ከዚህ ክፍል ጋር እኩል ይቀርጻል።

በነገራችን ላይ ግቢው ውስጥ እንጀራ የሚጋገረው መቼ እንደሆነ አከራይዋ ተጠይቀው ነበር። “ማክሰኞና ቅዳሜ ማታ ነው፤ ቀን መብራቱ አይታመንም ልጄ” አሉ። ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስበው ምጣድ ሲበራ ሶኬቱ ላይ የነበረው 221 ቮልት ወደ 196 ወረደ። ከ100 እስከ 240 የተጻፈባቸው አዳፕተሮች ይህ አይሰማቸውም። ያ ሁለገብ አዳፕተር ግን ከኮረንቲው ጋር አብሮ ይወርዳል፣ ምጣዱ በራሱ መቆጣጠሪያ በበራና በጠፋ ቁጥርም የፔዳሉ ቮልት ይወዛወዛል። ስታቢላይዘር ልግዛ ለሚል፦ ርካሾቹ ቮልቱን የሚያስተካክሉት ቀጭ በሚል ማብሪያ ነው፤ ቀጭታው በማይኩም ይሰማል፣ በመስመሩም ይገባል። ለፍሪጅ ይሁን፣ ለቀረጻ ክፍል አይመከርም።

እያንዳንዱ ዕቃ ስንት ይስባል

ድንጋይ ወይስ አዳፕተር የሚለውን የሚመልሰው አንድ ማካፈል ነው፦ ድንጋዩ የያዘው ሚሊአምፔር-ሰዓት ዕቃው ለሚስበው ሚሊአምፔር ሲካፈል። አልካላይን የሆነ ባለ 9 ቮልት ድንጋይ 500 ያህል ይይዛል። የክራሩ ፕሪአምፕ 3 ሚሊአምፔር ይስባል፤ 500 ለ3 ሲካፈል 166 ሰዓት። በሌሊት ሦስት ሰዓት ቢሠራ ከ50 ሌሊት በላይ ነው። ለዚህ ዕቃ አዳፕተር መፈለግ ገመድና ጫጫታ መጨመር ብቻ ነው።

ታዲያ የእነሱ ፕሪአምፕ ለምን በየሳምንቱ ድንጋይ ይበላ ነበር? ምክንያቱ ገመዱ ነው። በእንዲህ ዓይነት ዕቃ ማብሪያው ራሱ ጃኩ ነው፤ ገመድ ሲገባ ይበራል፣ ሲወጣ ይጠፋል። መብራት የለውም፣ ማንም አያውቅም። ገመዱ ተሰክቶ ከተረሳ 7 ቀን በ24 ሰዓት 168 ሰዓት ነው፤ ድንጋዩ ልክ በሳምንቱ ያልቃል። ከዚያ ወዲህ ሌሊቱ ሲያልቅ ገመዱ ይነቀላል፤ በሁለት ወር ገደማ አንድ ድንጋይ ይበቃል። የሚቀየረው ዕቃው እንደበራ ሲለካ ከ7.5 ቮልት በታች ሲወርድ ነው።

ፔዳሉ ተቃራኒው ነው። 500 ለ120 ሲካፈል አራት ሰዓት ይመስላል፤ ግን ባለ 9 ቮልት ድንጋይ በስድስት ትንንሽ ክፍሎች የተሠራ ስለሆነ ብዙ ሲሳብበት የያዘውን ሁሉ አይሰጥም፣ ሦስት ሰዓት ካገለገለ ጥሩ ነው። ለእንዲህ ያለው የሚያስፈልገው ቮልቱ የተስተካከለ፣ 9 ቮልት፣ መሐሉ ኔጌቲቭ፣ 500 ሚሊአምፔር አዳፕተር ነው። 500 ለ120 አይበዛም፤ አምፔር ዕቃው የሚፈልገውን ያህል ብቻ ይስባል፣ ቮልት ግን ከተጻፈው ማለፍ የለበትም። ይሁንና እዚህ የተወሰደው ውሳኔ ሌላ ነው፦ ፔዳሉ ከመስመሩ ወጣ። ሪቨርብ በኋላ ላፕቶፑ ላይ ይጨመራል፣ ካልወደዱት ይነሳል፤ ከክራሩ ጋር ተቀርጾ የገባ ማስተጋባት ግን አይወጣም። ኃይል የማይፈልግ ዕቃ ማለት የሌለ ዕቃ ነው።

መቅረጫው መካከለኛ ነው። ማይኩ የሚፈልገውን 48 ቮልት ፋንተም ፓወር ራሱ ስለሚያመርት በዩኤስቢ መለኪያ 5 ቮልት ላይ 280 ሚሊአምፔር፣ ማለትም 1.4 ዋት ይስባል። ሁለት የሚሞሉ ድንጋዮች፣ እያንዳንዳቸው 1.2 ቮልትና 2000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ከሆኑ፣ 4.8 ዋት-ሰዓት ይይዛሉ፤ ለ1.4 ሲካፈል ሦስት ሰዓት ተኩል የማይሞላ ነው። ለአምስት ሰዓት ሌሊት አይበቃም። በዚያ ላይ ይገዙ የነበሩት ተራ ድንጋዮች አንድ ሰዓት እንኳ አይሞሉም፤ ለግድግዳ ሰዓትና ለሪሞት የተሠሩ ናቸው። 10,000 የተጻፈበት ፓወር ባንክ ግን፣ ቁጥሩ እውነተኛ ከሆነ፣ በ3.7 ቮልት ነው የተቆጠረው፦ 37 ዋት-ሰዓት። ወደ 5 ሲቀየር ከሚባክነው ጋር 30 ይቀራል፤ 30 ለ1.4 ከ20 ሰዓት ይበልጣል። አራት ሌሊት ማለት ነው፤ ከግድግዳው ጋርም ስለማይገናኝ የመሬት ዝዝታ የሚገባበት በር የለም።

ፓወር ባንክ ግን ለሁሉም አይሆንም። የሄድፎኑ ማጉያ 40 ሚሊአምፔር ብቻ ስለሚስብ ፓወር ባንኩ “ስልኩ ሞልቷል” ብሎ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ይዘጋበታል። ብዙዎቹ ከ50 እስከ 100 ሚሊአምፔር በታች ሲሆን እንዲህ ያደርጋሉ። ማጉያው ተትቶ ሄድፎኑ በኢንተርፌሱ ቀዳዳ ገባ። ስፒከሮቹ በኮረንቲ ብቻ ስለሚሠሩ ምርጫ የለም፤ ሲቀርጹ ይጠፋሉ፣ ሲያዳምጡ ይበራሉ።

የጠፋው 18 ደቂቃ

መቅረጫው በቻርጀር ብቻ፣ ውስጡ ድንጋይ ሳይኖር ነበር የሚሠራው። መብራት ሲጠፋ ካርዱ ላይ የተገኘው ፋይል መጠኑ 0 ነበር። መቅረጫዎች ድምፁን ካርዱ ላይ እየጻፉ ይሄዳሉ፤ የፋይሉን ርዝመትና መነሻ የሚመዘግቡት ግን በብዙዎቹ ላይ ማቆሚያው ሲጫን ነው። ኃይሉ በድንገት ከተቋረጠ ድምፁ ካርዱ ላይ ተኝቷል፣ ማውጫው ግን አያውቀውም። በ24 ቢትና በ48,000 ናሙና የሚቀረጽ ስቴሪዮ በደቂቃ 17 ሜጋባይት ስለሚይዝ 18 ደቂቃው ወደ 310 ሜጋባይት ነው። ከሞት የሚመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ካርዱ ላይ ሌላ ነገር አለመጻፍ። እነሱ “እስኪ ሠራ እንደሆን” ብለው በዚያው ካርድ ሌላ ዙር ቀረጹ፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ ተጻፈ። ካርዱን አውጥተው ቢያስቀምጡት ኖሮ እንደ ፎቶሬክ ባለ ነፃ ማዳኛ ሊሞከር፣ ወይም ጥሬው መረጃ በኦዳሲቲ የጥሬ መረጃ ማስገቢያ 24 ቢት፣ ስቴሪዮ፣ 48,000 ተብሎ ሊከፈት ይችል ነበር።

አሁን መቅረጫው ውስጥ ሁልጊዜ የሞሉ ሁለት ድንጋዮች አሉ፣ በውጭ ደግሞ ፓወር ባንኩ። ይህ ዝግጅት የሚታመነው ከተፈተነ በኋላ ነው። የሆነ ዘፈን ከስልክ ይከፈታል፣ መቅረጫው ይቀርጻል፣ በመሐል የዩኤስቢው ገመድ ይነቀላል፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ይሰካል፣ ከዚያ ፋይሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይደመጣል። በመጀመሪያው ፈተና መቅረጫው ጠፋ። ውስጡ የነበሩት ድንጋዮች ያረጁ ነበሩ፤ ሳይሠሩ ሲለኩ 1.28 ቮልት ያሳያሉ፣ ጭነቱ በድንገት ሲመጣባቸው ግን ይወድቃሉ። አዲስ ጥንድ ሲገባ ሽግግሩ ሳይሰማ አለፈ።

ፓወር ባንኩን ግድግዳው ላይ ሰክቶ እንደ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ እንደሚተካ መጠባበቂያ፣ መጠቀምም ተሞክሯል። መብራት ሲሄድና ሲመጣ ብዙዎቹ ፓወር ባንኮች መውጫቸውን ለቅጽበት ይቆርጣሉ፤ ይህኛውም ቆረጠ። ስለዚህ ቀን ይሞላል፣ ሌሊት ከግድግዳው ተነቅሎ ይሠራል። ለኮምፒውተር የሚሸጠው ዩፒኤስም ለዚህ ክፍል አይስማማም፤ ርካሾቹ በባትሪ ሲሠሩ የሚያወጡት ሞገድ ደረጃ ደረጃ ያለው ስለሆነ ትራንስፎርመር ያለበትን ዕቃ ሁሉ ያስጮኸዋል፣ ራሱም በየጥቂት ሴኮንዱ ጢጥ ይላል።

መብራት ሲመለስ አምስት ደቂቃ ሳይቆዩ ምንም አይሰካም። በክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ ስፒናው ከግድግዳው ይወጣል፤ ማጥፊያውን መዝጋት አይበቃም።

ድንጋይ ሲገዛ

ፒያሳም ሆነ አራዳ ገበያ የሚሸጠው ድንጋይ ላዩ ቢመሳሰልም ሆዱ ይለያያል። “አልካላይን” የሚለው ጽሑፍ አይታመንም፤ የሚታየው በትንሹ የተጻፈው ምልክት ነው። ለኤኤ ኤልአር6 ከሆነ አልካላይን፣ አር6 ብቻ ከሆነ ተራው ዚንክ-ካርቦን፣ ኤችአር6 ከሆነ የሚሞላው ነው። ለባለ 9 ቮልቱ 6ኤልአር61 አልካላይን፣ 6ኤፍ22 ተራው። ክብደቱም ያጋልጣል፦ አልካላይን ኤኤ 23 ግራም ያህል ነው፣ ተራው ከዚያ ቀለል ይላል። የሚሞላ ኤኤ ላይ 3000 ወይም 4000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ተጽፎ ከታየ መልሶ ማስቀመጥ ነው፤ የኒኬል ኤኤ ከ2,800 ብዙም አያልፍም። 2000 ብሎ የጻፈው ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው የጻፈው።

መሙያው ላይ ለአገራችን ሁኔታ የሚመጥን አንድ ጥንቃቄ አለ። ርካሽ መሙያዎች የሚያቆሙት በሰዓት ቆጣሪ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቆጣሪው ከዜሮ ይጀምራል፤ በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ቢጠፋ የሞላው ድንጋይ እንደገና ሦስት ጊዜ ይቀቀላል። ድንጋዩ ሲሞላ ቮልቱ በጥቂቱ ሲወርድ አይቶ የሚቆም፣ እያንዳንዱን ቀዳዳ ለየብቻ የሚቆጣጠር መሙያ ይፈለጋል። ጥንዶቹ በማርከር ሀ-ሀ፣ ለ-ለ ተብለው ይጻፍባቸዋል፤ አዲስና አሮጌ ከተቀላቀሉ ደካማው ቀድሞ ባዶ ሆኖ በጠንካራው ተገልብጦ ይሞላል፣ ያን ጊዜ ያለቅሳል፣ ማለትም ፈሳሹን ያወጣል። መቅረጫው ውስጥ የድንጋይ ዓይነት መምረጫ ካለ ኒኬል ላይ ይደረጋል፤ ካልተደረገ ገና ግማሽ ያለውን ድንጋይ “አለቀ” ይላል።

በዩኤስቢ የሚሞሉ 1.5 ቮልት ሊቲየም ድንጋዮች እያየን ነው። ለቀረጻ አይመቹም፤ ቮልታቸውን የሚያስተካክል ትንሽ መቀየሪያ ውስጣቸው ስላለ እሱ ራሱ ጫጫታ ነው፣ ከዚያም እስከ መጨረሻው “ሙሉ” እያሉ በአንድ ጊዜ ይዘጋሉ። በዩኤስቢ የሚሞላው ባለ 9 ቮልት ሊቲየምም ያው ነው፣ በተለይ ለክራር ፕሪአምፕ።

የመቅረጫው የድንጋይ ቤት ነጭ ዱቄት ይዞ ነበር፤ የአልካላይን እንባ ነው። አልካሊ ስለሆነ በውሃ ሳይሆን በጥቂት ኮምጣጤ ወይም ሎሚ በነካ ጥጥ ተጠርጎ፣ በንጹሕ አልኮል ተለቅልቆ፣ ደርቆ ተመለሰ። ዕቃው ለወር የማይነካ ከሆነ ድንጋዩ ይወጣል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በመጀመሪያው ሙሉ ሌሊት፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ መብራት ጠፋ። መቅረጫው በፓወር ባንኩ ቀጠለ፣ ማሲንቆው አልቆመም፣ ዙሩ በሻማ አለቀ። ክራሩን መደረብ ግን በዚያው ቆመ፤ የላፕቶፑ ባትሪ አርጅቶ አንድ ሰዓት ከሃያ ብቻ ይይዛል። ቀጣዩ የሚገዛው ዕቃ እሱ ነው፤ እስከዚያው ማሲንቆው ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ክራሩ ላፕቶፑ ሙሉ ባትሪ ሳለ በምሽቱ መጀመሪያ ይቀረጻል።